በራሷ ፈቃድ ቀርታለች፦ ስላልተቆለፈው በር ለዓይን ሕክምና ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
በአራተኛው ፎቅ፣ ምንም በማይነበብበት በር ውስጥ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባልተቆለፈ በር ተዘግቶባት ስለቆየች እህቴና ስለተዘለለው ተራዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎ ደህና ነው? ዓይንዎስ? የዓይንዎን ነገር የምጠይቀው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ። ዓይንዎ የጠራ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ትዕግሥትዎም የማያልቅ እንዲሆን ከልቤ እመኝልዎታለሁ፤ እነዚህን ሦስቱን ያላሟላ ሰው እርስዎ በሚመሩት የዓይን ሕክምና ማዕከል ገብቶ በሰላም መውጣት እንደማይችል በገዛ ቤተሰቤ አይቻለሁና።

ጊዜዎ ውድ ስለሆነ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ቀድሜ ልናገር። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የቀኝ ዓይኗ በግፊት ከጠፋ ቆይቷል። ግራው ላይ ሞራ አለበት፤ በሁለት ወር ውስጥ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ግፊቱ ወደዚያም ሊዞር እንደሚችል፣ ያኔ ደግሞ ምንም ቢደረግ እንደማይመለስ፣ የእርስዎው ሐኪም ተራዋ ሊደርስ ሲል መርምረው ካርዷ ላይ ጽፈውላታል። ስድስት ወር ጠብቃ ተራዋ ደረሰ። በተራዋ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በሕንፃዎ ውስጥ ነበረች፤ እስከ ሰባት ሰዓትም ከሕንፃዎ አልወጣችም። ካርዷ ላይ ግን «በራሷ ፈቃድ ቀርታለች» የሚል ማኅተም ተመታበት፤ አዲሱ ቀጠሮዋም ከአሥራ አራት ወር በኋላ ሆነ። የሁለት ወር ዓይን ላላት ሴት የአሥራ አራት ወር ቀጠሮ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራዋን ይመልሱላት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

ምስጋናዬን ከማቅረቤ በፊት ማንነቴን ልግለጽ። ታፔላ ጸሐፊ ነኝ፤ በሙያው ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ የሚያውቁት ነገር ጥቂት ነበር፤ ያቺን ጥቂት ግን በኩርኩም ጭምር ነበር የሚያስተምሩት። ታፔላ ተመቻችቶ ለተቀመጠ ሰው አይጻፍም ይሉ ነበር፤ የሚጻፈው ለሚሮጥ፣ ለሚያለቅስ፣ እንቅልፍ ላጣ፣ መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ለመጣ ሰው ነው። ጽፌ ስጨርስ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ያስኬዱኝና ዓይኔን እንዳጠብብ ያዙኛል፤ ዓይኔን አጥብቤ ፊደሉ ከጠፋኝ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሳይኮሎጂ የሚባለውን ቃል ሳይሰሙ ነው ያረፉት። ይሁንና የሰው ዓይን ከፊደሉ በፊት ልዩነትን እንደሚፈልግ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ነገሮች ዘመዳሞች ናቸው ብሎ እንደሚያምን፣ እጅም ባለቤቱን ሳያማክር የጨበጠው ነገር ቅርጽ ያዘዘውን እንደሚያደርግ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እርስዎ የከፍተኛ ትምህርት ባለቤት ስለሆኑ ይህን ሁሉ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ ባያውቁት ኖሮማ እንዲህ አንዱንም ሳያስቀሩ በግልባጩ ባልሠሩት ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ቀርቧል።

አንደኛ፣ ስለ ነጩ። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ነጭ፣ ወንበሩ ነጭ፣ በሩ ነጭ፣ በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ነጩ እንዳይከፋው ተብሎ በሣሣ አመድማ ቀለም የተጻፈ ነው። ሞራ ያለበት ሰው ዓለምን በጉም ውስጥ እንደሚያይ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። እህቴ መጀመሪያ የመጣን ዕለት ገና ተሠርቶ ያላለቀ ቤት መስሏት ወንበር መቼ ነው የሚያስገቡት ብላ ጠየቀችኝ፤ የጠየቀችኝ ወንበሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከእኛ ቀጥለው የገቡ ሽማግሌ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ በስንት መከራ ደረስንባቸው። ጉብኝት የመጡ ሰዎች ሕንፃውን በስልካቸው ፎቶ ሲያነሱ አይቻለሁ፤ እውነትም ያምራል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይህ ነው። በዚህ አጋጣሚ ለሐኪሞችዎ ያቀለሉላቸውን ድካም ሳላደንቅ አላልፍም፤ ያለ ሰው እርዳታ መጸዳጃ ቤቱን ያገኘ ሰው ዓይኑ ጤነኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ወረፋ ቁጥር መስጫው ማሽን። ቁልፉን ሲጫኑት ድምፅ የለው፣ መብራት የለው፤ ወረቀቱም የሚወጣው ቆይቶ፣ በጎን በኩል፣ ከጉልበት በታች ነው። ሰው ጠርቶት አቤት ያላለውን ደግሞ ይጠራል፤ ተጭኖት ያልመለሰለትንም ደግሞ ይጫናል። ስለዚህ አንድ በሽተኛ ሦስት ቁጥር ያወጣና አንዱን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለቱ ቁጥሮች መሬት ላይ ይቀራሉ። በካርድ ክፍሉ መስኮት ያለችው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የምትጠራው በአብዛኛው እነዚህን የሌሉ ሰዎች ነው። አልፈርድባትም። ጠርታ ጠርታ ስለሰለቻት አሁን አንዴ ትጠራና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እህቴንም እንደዚሁ ጠራቻት፤ አንዴ።

ሦስተኛውን ለጊዜው ልለፈው። ቁጥሩን ይዤለታለሁ፤ እመለስበታለሁ።

አራተኛውን ከመናገሬ በፊት የዕለቱን ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። እህቴን መቆያው ክፍል አስቀምጬ፣ ካርዷ ላይ የጎደለውን ፊርማ ለማስሞላት ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣሁ። ከዚህ እንዳትነቃነቂ አልኳት፤ እሺ አለችኝ። ግን ሰው ናት፤ መጸዳጃ ቤት ፈለገች። ሰው ስትጠይቅ በኮሪደሩ መጨረሻ በስተግራ ነው አሏት። በኮሪደሩ መጨረሻ በስተግራ ሁለት በሮች ጎን ለጎን አሉ፤ ወርዳቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ እጀታቸው አንድ፣ ልክ እንደ መንታ። አንዱ መጸዳጃ ቤት ነው፤ ሌላው የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃ ነው። እህቴ ሁለተኛውን ከፍታ ገባች። በሩ በራሱ ጊዜ ከኋላዋ ተዘጋ። ዞር ብላ ብትዳስሰው በውስጥ በኩል እጀታ የለውም፤ ልሙጥ ነው።

እንግዲህ አራተኛ፣ ስለ ሁለቱ ቁልፎች። በዚያ በር አጠገብ፣ በውስጥ በኩል፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ የመብራት ማጥፊያ ነው፣ አንዱ የድረሱልኝ ደወል ነው። ቁመታቸውም፣ ስፋታቸውም፣ ነጭነታቸውም እኩል ነው። አንዱ ቀይ ቢሆን፣ አንዱ ከግድግዳው ወጣ ቢል፣ ቢያንስ በመካከላቸው ክንድ ያህል ርቀት ቢኖር እጅ ይለያቸው ነበር። እህቴ እጇ ላይ መጀመሪያ የመጣውን ተጫነች። ጨለመ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። አንድ ዓይን ብቻ የቀራት፣ እሱም በቅርቡ ሊጠፋ ይችላል የተባለች ሴት ብቻዋን ቆማ ድንገት ሲጨልምባት መብራቱ ጠፋ ብላ አታስብም። የጠፋው ዓይኔ ነው ብላ ነው ያሰበችው። በቃ፣ የተባለው ደረሰ፣ ሁለት ወር እንኳ አልቆየልኝም አለች። ሌላውን ቁልፍ ብትጫነው ደወሉ ይጮህ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኔ ጠፍቶ ደግሞ የሰው ንብረት ነካክቼ እንዳላበላሽ ብላ እጇን ሰበሰበች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ምን ያህል እንደተቀመጠች አታውቀውም። መስኮት በሌለው፣ የውኃ ቧንቧ ብቻ በሚያጉረመርምበት ቦታ፣ ዓይነ ስውር ሆኖ መኖር እንዴት እንደሚጀመር ስታስብ ቆየች። ክሩን በምላሷ ወደ መርፌው ቀዳዳ መክተት እንደምትለምድ፣ የጨርቁን ፊትና ጀርባ በጣቷ እንደምትለይ፣ ለእኔ እንዴት ብላ እንደምትነግረኝ አሰበች። ይህን የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም እየሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አምስተኛ፣ ስለ እጀታው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተነስታ ግድግዳውን እየዳሰሰች እስከ ታች ወረደች፤ እታች ሌላ በር አገኘች። በዚህኛው በር ላይ እጀታ አለ። ቀጥ ያለ፣ ክብ፣ ለስላሳ፣ ለእጅ ተለክቶ የተሠራ የሚመስል ረጅም እጀታ ነው። በዓለም ላይ ያለ እጅ ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር ሲጨብጥ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይስባል። እህቴም ሳበች። በሁለት እጇ ሳበች። እግሯን ከግድግዳው አስደግፋ ሳበች። በሩ ንቅንቅ አላለም፤ የሚከፈተው ሲገፋ ነውና።

ለምን አልገፋችውም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ በኋላ ጉዳዩን ያጣራው ኮሚቴዎም ብሏል። መልሱን ልንገርዎ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የጎረቤት በር ገፍቼ ስገባ ጆሮዬን እየቆነጠጠች የሰው በር አይገፋም፣ ይንኳኳል፣ ይጠበቃል ብላ አስተምራኛለች። ስለዚህ እጀታው እምቢ ሲላት ያደገችበትን አደረገች፤ አንኳኳች። ሦስት ጊዜ አንኳኩታ፣ የሚከፍተው ሰው እንዳይደነግጥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትልና ትጠብቃለች። ደግሞ ሦስት ጊዜ። በሽተኛ እንዳትረብሽ ብላ በዝግታ። የግቢው ጥበቃ ድምፁን ሰምቶታል፤ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች መስሎት ተወው። ባልተቆለፈ በር ላይ ሰው ከውስጥ ሆኖ ያንኳኳል ብሎ ማን ያስባል?

እኔ በዚያ ሰዓት ምን እሠራ እንደነበር ደግሞ ይስሙ። ከሦስተኛው ፎቅ ስመለስ ወንበሯ ባዶ ነው። ሴቶች መጸዳጃ ቤት የገባች መስሎኝ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ሴት ለምኜ አስፈተሽኩ። ፎቆቹን ሁሉ ዞርኩ፣ መንገድ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ተራዋ ሲጠራ እኔ አራተኛው ፎቅ ላይ ነበርኩ። ሮጬ ስደርስ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ አልፏል አለችኝ፤ ሴትዮዋ ጠፍታለች ስላት የጠፋ ሰው በቅጽ ነው የሚመዘገበው፣ ቅጹ መረጃ ክፍል ነው አለችኝ፤ መረጃ ክፍል ደግሞ ቅጹ አልቆ ነበር። ሲደክመኝ በኮሪደሩ መጨረሻ በስተግራ ያለው በር ላይ ትከሻዬን አስደግፌ አረፍኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያረፍኩት። እሷ ከዚያ በር በታች ነበረች።

የከፈተችላት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ባልዲዋን ይዛ በውጭ በኩል መጥታ በአንድ እጇ ሳበችው፣ ተከፈተ። እህቴ ፊቷ ቆማለች። ብርሃን ሲገባ ያ ባልዲ ቀይ ነው አይደል ብላ ጠየቀች አሉ። አዎ፣ ቀይ ነው እማማ ስትላት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ስደርስ ሁለቱም እያለቀሱ ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ለምን እንደምታለቅስ ገና አልገባትም።

ጥበቃውን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። ይህ ሰው ከእህቴ በፊት ሌሎችም ያንን እጀታ እየሳቡ ሲቸገሩ ስላየ ካርቶን ቆርጦ በከሰል «ግፉት» ብሎ ጽፎ ሰቅሎበት ነበር። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ የሰቀለውም በጫማ ማሰሪያ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ልምዴ ስመሰክር በሕንፃዎ ውስጥ ካሉት ሁሉ ታፔላ የሚባለው እሱ ብቻ ነበር። የሕንፃውን ውበት ያጎድፋል ተብሎ ተነሳ፤ ጥበቃውም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ማስጠንቀቂያውን አሳይቶኛል፤ እሱ በደንብ ይነበባል፣ በጥቁር ነው የተጻፈው።

አቤቱታ ባቀረብኩ በአሥረኛው ቀን ቢሮዎ መልስ ሰጠኝ፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ቦታው ድረስ ሄዶ «በሩ በዕለቱ ያልተቆለፈ መሆኑን» አረጋግጧል። ስለሆነም «ግለሰቧ በማንኛውም ሰዓት መውጣት ይችሉ የነበረ በመሆኑ፣ በውስጥ የቆዩት በራሳቸው ፈቃድ ነው» ይላል። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነት ነው፣ አንድም ውሸት የለበትም፤ በሩ አልተቆለፈም ነበር። እህቴን የያዛት ቁልፍ አይደለም፤ እጅን ሳብ እያለ የሚዋሽ ብረት ነው፣ እሱ ደግሞ በደንባችሁ ውስጥ ስም የለውም። ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረ አንድ ነገር ግን ጥበቃው አጫውቶኛል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እዚያ ደረጃ ውስጥ ገብተው፣ ታች ወርደው፣ በሩን ለመክፈት እጀታውን ሁለት ጊዜ ሳቡ፤ ከዚያ ጥበቃው ከጎናቸው እጁን ሰንዝሮ ገፋላቸው። ሰብሳቢው አመስግነው ወጥተው «አልተቆለፈም» ብለው ፈረሙ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ቅሬታ ሰሚ ክፍል ማኅተሙ ካልተነሳ ምንም ማድረግ አልችልም ይላል። ማኅተሙን የመታው ካርድ ክፍል ነው፤ ካርድ ክፍል ያለ ኮሚቴው ትእዛዝ አላነሳም ይላል። ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ ተበትኗል፤ እንደገና የሚሰበሰበው ቅሬታ ሰሚ ክፍል ሲያሳስብ ነው። እንደ አዲስ ለማመልከት ደግሞ ባለጉዳይዋ ራሷ ቀርባ፣ ባለ ሁለት ገጹን ቅጽ ራሷ አንብባ፣ አንብቤ ተረድቻለሁ ብላ መፈረም አለባት። ቅጹ በምን ቀለም እንደታተመ ልነግርዎ አያስፈልግም። እህቴ ከዚያ ደረጃ የወጣች ይመስላታል፤ እኔ ግን ሁለታችንም ገና እዚያው ውስጥ እንዳለን አውቃለሁ፤ በየቀኑ አንዱን እስባለሁ፣ አንዱን አንኳኳለሁ።

አሁን ወደ ዘለልኩት ወደ ሦስተኛው ልመለስ። ሳልጽፈው ልጨርስ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ በሩ ጽሑፍ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ያለው፣ እህቴ የገባችበት በር ላይ ጽሑፍ ነበር። አሁንም አለ። «የአደጋ ጊዜ መውጫ፤ በዚህ በር መመለስ አይቻልም» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሕንፃው ሊመረቅ ሲል በሮቹን እንድጽፍ ተቀጠርኩ። ለሙከራ አንዱን በር በቢጫ መደብ ላይ በጥቁር ጻፍኩ፣ እንደ ልማዴ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ዓይኔን አጠበብኩ፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። የእርስዎ የውበት አማካሪ መጥተው ሳቁ። ይሄ የዓይን ሕክምና ነው እንጂ የጭነት መኪና ማቆሚያ አይደለም አሉኝ፤ ፊደሉ መጮህ የለበትም፣ ማንሾካሾክ ነው ያለበት አሉ። አመድማውን ቀለም ሰጡኝ። ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ለሰው አይታይም አልኳቸው። ያልኩት አንዴ ነው። የማትፈልግ ከሆነ ሌላ ጸሐፊ አለ አሉኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ፤ አርባ ሁለቱንም በሮች በአመድማው ጻፍኳቸው። ፊደሎቹ ልቅም ያሉ ናቸው። የመጨረሻውን በር ስጨርስ ግን ብሩሼን አጥቤ በቀጥታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሃያ እርምጃውን አልሄድኩም። ምን እንደማይ አውቅ ነበርና።

ያን ጊዜ የማስበው ሰው አልነበረኝም፤ በዚያ በር የሚሳሳት ሰው ፊት አልነበረውም። አሁን ፊት አለው። ስለዚህ እርስዎን ስከስስ ንጹሕ ሆኜ አይደለም፤ ማኅተሙ «በራሷ ፈቃድ» የሚለው እሷን ነው፣ በራሱ ፈቃድ ጥፋት የሠራው ግን እኔ ነኝ። ስለ እኔ ምንም አይነት ቅጣት ቢወስኑ አልቃወምም። እሷ ግን ምን አደረገች? መጸዳጃ ቤት ፈለገች፤ አንኳኳች።

የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ማዕከሉ በሚዘጋበት በማናቸውም ቀን ብሩሼንና ቀለሜን ይዤ መጥቼ አርባ ሁለቱንም በሮች እንደገና እጽፋለሁ፤ ምንም አልጠይቅም። የታችኛውን በር እጀታ ነቅዬ በቦታው ዝርግ ብረት አደርጋለሁ፤ ዝርግ ብረት ሊሳብ ስለማይችል እጅ ሳይነገረው ይገፋዋል። ደወሉን ቀይ እቀባዋለሁ። አማካሪው ከተከፉ ሕንፃው ፎቶ እስኪነሳ ድረስ በጨርቅ እሸፍንላቸዋለሁ። በምትኩ ከእርስዎ የምፈልገው አንዲት ፊርማ ናት፤ ማኅተሙን የምትሽር። ይህን በምጽፍበት ዕለት ሐኪምዎ ከሰጡት ሁለት ወር የቀረው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። እህቴ ትናንት አንድ ቀሚስ ስትሰፋ አንዱን እጅጌ በጥቁር፣ አንዱን በጥቁር ሰማያዊ ክር ሠርታዋለች። ባለቤቲቱ አይታ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ።

ይህን ሁሉ ያነበቡበት ትዕግሥት የቢሮዎ ትዕግሥት ይሁንልን እያልኩ፣ ከግድግዳዎ ነጭነት በበለጠ አክብሮት፣ በሕንፃዎ ውስጥ መንገዱ ያልጠፋው ብቸኛው ነገር ምስጋናዬ እንደሆነ በማረጋገጥ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበትዎታለሁ።

የአርባ ሁለቱ በሮች ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለጥበቃው፣ ካርቶኑ እንዲመለስለት
ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ስለ ቀይ ባልዲዋ ከምስጋና ጋር
ለኮሚቴው ሰብሳቢ፣ በሩ ሲገፋ እንደሚከፈት ለማስታወስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ለጋዜጣም ከመስጠቴ በፊት ለእህቴ አንብቤላት ነበር። ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም ብላ ክፉ ክፉውን ቃል አስወጥታኛለች፤ እርስዎ ያነበቡት የተረፈውን ነው። ሦስተኛውን ግን አላነበብኩላትም፤ ዘለልኩት። በሩን ማን እንደጻፈው አታውቅም። ሰው ቢነግራትም አታምንም፤ ስለ እኔ የሚወራ ክፉ ነገር አምና አታውቅም። ጋዜጣው ሲወጣ አንድ ቅጂ እንዳስቀምጥላት አዝዛኛለች፤ ዓይኗ ሲድን በራሷ ልታነበው። ክቡር ሆይ፣ እህቴ ያንን አንቀጽ በራሷ ዓይን የምታነብበትን ቀን እንደ ሞቴ ነው የምፈራው። የምለምንዎ ያንን ቀን እንዲያመጡብኝ ነው።